የፒካፕ መኪናን ካምቢዮና ፍሪሲዮን በደኅና ስለ መያዝ

ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት

ጎበዝ ገበሬ በሬውን ማለዳ ሲያወጣ እንዲያው ዝም ብሎ አይጠምደውም። ጫንቃው እንዳልቆሰለ ያያል፤ ሸኮናውን ይመለከታል፤ ያነከሰ እንደ ሆነም ያን ዕለት ከሥራ ያሳርፈዋል። በሬው አፍ አውጥቶ ባይናገር ሕመሙን የሚያስታውቅበት ምልክት አለው። መኪናም እንዲሁ ነው። ድምፁን በመለወጥ፣ ዘይት በማንጠባጠብ፣ ማርሽ አልቀበል በማለት ሕመሙን ይናገራል። የሚሰማው ሰው ካገኘ በትንሽ ገንዘብ ይድናል፤ የሚሰማው ካጣ ግን ባለቤቱን ከነምርቱ መንገድ ላይ ያስቀረዋል።

ለምሳሌ ያህል፣ በፎገራ ሜዳ ቲማቲም የሚያመርቱ ጥቂት ገበሬዎች ገንዘባቸውን አዋጥተው አንድ ያገለገለ ፒካፕ ገዙ እንበል። መኪናው በቆመበት ሥፍራ ሁልጊዜ መዳፍ የምታህል የዘይት እርጥበት ትቀራለች። ሾፌሩ አያት፤ ባለቤቶቹም አዩአት፤ ነገር ግን «ጥቂት ናት» ብለው ተዉአት። ከጥቂት ወራት በኋላ ካምቢዮው ማፏጨት ጀመረ፤ ይህም ታለፈ። በመጨረሻ መኪናው ቲማቲም ሞልቶ ከወረታ ወደ ባሕር ዳር ሲጓዝ ካምቢዮው ተጣብቆ ቆመ። ቲማቲሙ በፀሐይ ተበላሸ፤ ለጎታች መኪና ተከፈለ፤ የካምቢዮው ጥርሶችና ኩሽኔታዎች ስለ ተበሉም ብዙ ገንዘብ ወጣ። የዚህ ሁሉ ጥፋት መነሻ ግን አንድ ያረጀ የጎማ ቀለበትና ቀስ በቀስ የጎደለ ዘይት ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ይህ ትምህርት በእጅ ማርሽ የሚነዳውን ፒካፕ የሚመለከት ነው። ማርሹን ራሱ የሚለውጠው አውቶማቲክ መኪና አሠራሩም ዘይቱም ልዩ ስለ ሆነ ከዚህ በታች የተጻፈውን በእርሱ ላይ አይሞክሩ።

1. ፍሪሲዮንና ካምቢዮ ምን ይሠራሉ?

ሞተሩን እንደ በሬ ብንቆጥረው ፍሪሲዮኑ የቀንበሩ ማነቆ ነው። የፍሪሲዮኑን ፔዳል ሲረግጡ ሞተሩ ከካምቢዮው ይፈታል፤ ፔዳሉን ሲለቁ ይጠመዳል። በውስጡ ሁለት ፊቱ ሻካራ የሆነ ክብ ዲስክ አለ፤ ጠንካራ ሞላም ዲስኩን ከሞተሩ ቮላኖ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ዲስኩ ኃይል የሚያስተላልፈው በመጣበቅ ስለ ሆነ፣ በግማሽ ተይዞ ሲንሸራተት ይግላል፤ ይቃጠላል፤ ይሳሳል።

ካምቢዮው ደግሞ በውስጡ ትልልቅና ትንንሽ ባለ ጥርስ መዘውሮች ያሉበት የብረት ሳጥን ነው። በብዙ ፒካፖች በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ 4 ጊዜ ያህል ሲዞር ወደ ኋላ ጎማዎች ኃይል የሚወስደው ረጅም ዘንግ 1 ጊዜ ብቻ ይዞራል። ስለዚህ ፍጥነቱ ያንሳል፤ ጉልበቱ ግን ይበዛል። በአራተኛ ማርሽ ብዙውን ጊዜ ሁለቱ እኩል ይዞራሉ። ዳገት ሲወጡም ሆነ ጭነት ሲበዛ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ የሚወርዱት ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ያስተውሉ። አብዛኛው የፒካፕ ካምቢዮ ዘይት የሚገፋ ፓምፕ የለውም። በታች ያሉት መዘውሮች በዘይቱ ውስጥ ተነክረው ሲዞሩ ዘይቱን ወደ ላይ ይረጩታል፤ የላይኞቹ ጥርሶችና ኩሽኔታዎች የሚርሱት በዚህ ርጭት ብቻ ነው። የሞተር ዘይት ግፊት ሲወድቅ ቀይ መብራት በርቶ ያስጠነቅቅዎታል፤ የካምቢዮ ዘይት ሲጎድል ግን የሚበራ መብራት የለም። ስለዚህ መብራቱ የእርስዎ ዓይን፣ ጆሮና ጣት መሆን አለበት።

2. በመንዳት ጊዜ የሚደረግ ጥንቃቄ

ከብልሽቱ ብዙው የሚመጣው ከሾፌሩ እግርና እጅ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ልማድ ያድርጉ።

ሀ) ማርሽ ለመለወጥ ካልሆነ በቀር እግርዎን በፍሪሲዮን ፔዳል ላይ አያሳርፉ። ቀላል ክብደት እንኳ ዲስኩን በጥቂቱ ያላቅቀዋል፤ ኩሽኔታውንም ያለ ዕረፍት ያሠራዋል።

ለ) ዳገት ላይ ሲቆሙ መኪናውን በፍሪሲዮን ግማሽ ይዘው አያቁሙት። በእግር ወይም በእጅ ፍሬን ይያዙት።

ሐ) ሁልጊዜ በአንደኛ ማርሽ ይነሡ። ጭነት ይዞ በሁለተኛ ማርሽ መነሣት ዲስኩን ያቃጥላል።

መ) እጅዎን በማርሽ ዘንግ ላይ አሳርፈው አይንዱ። የእጁ ክብደት በካምቢዮው ውስጥ ያለውን ሹካ በሚዞር ብረት ላይ እየገፋ ይበላዋል።

ሠ) ወደ ኋላ የሚሄደውን ማርሽ የሚያስገቡት መኪናው ፈጽሞ ከቆመ በኋላ ነው።

ረ) መኪናው እንዲሸከም ከተፈቀደለት ክብደት በላይ አይጫኑ። የተፈቀደውን ክብደት በመኪናው መጽሐፍ ያገኙታል።

ሰ) ቁልቁለት ሲወርዱ ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ሞተር አጥፍተው ወይም ከማርሽ አውጥተው ከቶ አይውረዱ። ከደጀን ወደ ዓባይ ወንዝ የሚወስደውን ረጅም ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ነገሩን ይረዳዋል። ሞተሩ ካልያዘው ክብደቱ ሁሉ በፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑ ሲግልም መያዝ ይሳነዋል። ሞተሩ ከጠፋ ደግሞ ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይል ከጥቂት ርግጫ በኋላ ያልቃል፤ መሪውም ይከብዳል። ሞተሩም ስለማይዞር ዘይቱን የሚረጩት የካምቢዮ መዘውሮች ይቆማሉ። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ወደ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ ወርደው ቀስ ብለው ይውረዱ። በዚህ የሚያተርፉት ካምቢዮን ብቻ ሳይሆን የሰውንም ሕይወት ነው።

ሸ) በአራት ጎማ የሚነዳ ፒካፕ ካለዎት፣ የአራቱን ጎማ ማርሽ ለጭቃ፣ ለአሸዋና ለሚያንሸራትት መንገድ ብቻ ይጠቀሙበት። ብዙዎቹ ፒካፖች በደረቅ አስፋልት በዚህ ማርሽ ሲነዱ የፊትና የኋላ ዘንጎቻቸው እርስ በርሳቸው ይታገላሉ፤ ጥርሶቹም ይጎዳሉ።

3. በየሳምንቱ የሚደረግ ምርመራ

ይህ ምርመራ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ከገበያ ቀን በፊት ባለው ዕለት ማድረግ መልካም ነው።

አንደኛ፣ መኪናው ባደረበት ሥፍራ ከሥሩ ያለውን መሬት ይመልከቱ። የረጠበ ነገር ካዩ ቦታውን ይለዩ። ከካምቢዮው ኋላ በኩል የሚንጠባጠብ ከሆነ የኋላው የዘይት መያዣ ጎማ አርጅቷል ማለት ነው። በሞተርና በካምቢዮ መጋጠሚያ በኩል ከሆነ ዘይቱ ከሞተሩም ከካምቢዮውም ሊሆን ይችላል፤ ወደ ፍሪሲዮኑ ዲስክም ሊደርስ ስለሚችል ሳይዘገይ ለመካኒክ ማሳየት ያስፈልጋል። የሚንጠባጠብበትን ሥፍራ ለመለየት ማታ ካርቶን አንጥፈው ማሳደር ይረዳል።

ሁለተኛ፣ ኮፋኖውን ከፍተው የፍሪሲዮኑን ትንሽ የዘይት ዕቃ ይመልከቱ። ይህ ዕቃ በብዙ ፒካፖች በፍሬን ዘይት የሚሠራ ነው። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። ከጎደለ በመክደኛው ላይ የተጻፈውን ዓይነት፣ ብዙውን ጊዜ ዶት 3 የሚባለውን ይጨምሩ። የሞተር ዘይት ወይም የምግብ ዘይት ከቶ አይጨምሩ፤ በውስጡ ያሉትን ጎማዎች አሳብጦ ያበላሻቸዋል። የፍሬን ዘይት ቀለም ስለሚልጥና ዓይን ስለሚጎዳ የፈሰሰውን ወዲያው በውኃ ይጠቡ። በየጊዜው የሚጎድል ከሆነ የሚያፈስበት ሥፍራ አለና ያስመርምሩ።

ሦስተኛ፣ ፔዳሉን በእጅዎ ቀስ ብለው ይጫኑ። ሲጀምር ሳይከብድ ትንሽ መውረድ አለበት። ይህ ክፍተት ፈጽሞ ከሌለ ፍሪሲዮኑ ሁልጊዜ በግማሽ ተለቅቆ ይሠራል፤ ሲበዛ ደግሞ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይላቀቅም። ትክክለኛው መጠን በመኪናው መጽሐፍ ተጽፏል።

አራተኛ፣ መኪናው በሜዳ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጎማዎቹም በድንጋይ ተደግፈው ሳለ ረጅሙን ዘንግ በእጅ ያናውጡ። በዘንጉ ጫፎች ያለው መስቀል የሚመስል መጋጠሚያ ክሮቼራ ይባላል። ክሮቼራው የሚንኳኳ ወይም የሚንገዳገድ ከሆነ ያስለውጡ። ግራሶ የሚያስገቡበት ቀዳዳ ካለው በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ ውኃ ከተሻገሩ ደግሞ ቀኑን ሳይጠብቁ ግራሶ ያስገቡ።

4. የካምቢዮ ዘይት ስለ መመርመርና ስለ መለወጥ

በመጀመሪያ ዘይቱን ይምረጡ። በመኪናው መጽሐፍ የታዘዘውን ዓይነት ያንብቡ። በብዙ ፒካፖች የሚታዘዘው 75 ደብልዩ 90 የተባለ ውፍረት ያለው፣ ጂ ኤል 4 የሚል ደረጃ የተጻፈበት የማርሽ ዘይት ነው። ጂ ኤል 5 የሚባለው ዘይት በተለይ ለዲፈረንሻል የሚስማማ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ቅመም በአንዳንድ ካምቢዮ ውስጥ ያሉትን የነሐስ ቀለበቶች ሊበላ ይችላል። ስለዚህ መጽሐፉ ካልፈቀደው በቀር «ቁጥሩ ከፍ ስላለ ይሻላል» ብለው አያስገቡት።

ዘይቱ የሚለወጥበትም ጊዜ በመጽሐፉ ተወስኗል። መጽሐፉ ከጠፋ በደኅና መንገድ በየ40,000 ኪሎ ሜትር፣ በአቧራ፣ በጭቃና በከባድ ጭነት ለሚሠራ መኪና ግን በየ20,000 ኪሎ ሜትር መለወጥ ይበጃል። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ደግሞ የቀድሞው ባለቤት የነገረውን ብቻ አምኖ ሳይቀመጥ በመጀመሪያው ወር ቢለውጥ ለራሱ ይጠቅማል።

የሥራው ተራ የሚከተለው ነው።

1ኛ) መኪናውን ጥቂት ነድተው ዘይቱ ለብ ካለ በኋላ ደልዳላ ሥፍራ ላይ ያቁሙ። ሞተሩን ያጥፉ፤ የእጅ ፍሬን ይያዙ፤ በጎማዎቹ ፊትና ኋላ ድንጋይ ያድርጉ። መኪናው በክሪክ ብቻ ተነሥቶ ሳለ ከሥሩ ከቶ አይግቡ። ክሪክ ይንሸራተታል፤ መኪና ወድቆበት የዳነ ሰው ጥቂት ነው።

2ኛ) በካምቢዮው ዙሪያ ያለውን ጭቃ በብሩሽና በጨርቅ ያጽዱ። አሸዋ ወደ ውስጥ ከገባ ጥርሶቹን እንደ ወፍጮ ይፈጫቸዋል።

3ኛ) ከጎን በኩል ያለውን የመሙያ ቡሎን አስቀድመው ይፍቱ። ይህን መዘንጋት አይገባም። የታችኛውን ቡሎን አስቀድሞ ፈትቶ ዘይቱን ካፈሰሰ በኋላ የመሙያው ቡሎን አልፈታ ያለበት ሰው፣ መኪናው ያለ ዘይት ቆሞ ይቀርበታል።

4ኛ) ለመመርመር ብቻ ከሆነ ትንሿን ጣትዎን በመሙያው ቀዳዳ አስገብተው ወደ ታች ያጥፏት። ዘይቱ እስከ ቀዳዳው ከንፈር ድረስ ወይም ከዚያ ቢበዛ 5 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ከተገኘ ደኅና ነው።

5ኛ) ለመለወጥ ከሆነ ሰፊ ዕቃ ከሥር አድርገው የታችኛውን ቡሎን ይፍቱ። ዘይቱ ሊያቃጥል ስለሚችል እጅዎን ይጠብቁ። እስኪጨርስ ድረስ ይታገሡ።

6ኛ) የወጣውን ዘይት በነጭ ጨርቅ ላይ አድርገው ይመልከቱ። ጥቁር ወይም ቡናማ ሆኖ ብረት ከሌለበት ያረጀ ዘይት ነው። ወተት የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል። የሚያብረቀርቅ ቢጫ ደቃቅ ከታየበት የነሐስ ቀለበቶቹ እየተበሉ ነው። በቡሎኑ ማግኔት ላይ የሚገኝ እንደ ጭቃ ያለ ግራጫ ደቃቅ ብዙ አያሳስብም፤ የጥርስ ስባሪ ከተገኘ ግን መኪናው ጭነት ሳይጭን ወደ ጋራዥ መሄድ አለበት።

7ኛ) ቡሎኑን ጠርገው በአዲስ ሮንዴላ ይመልሱት። አጥብቀው ይሰሩት፤ ነገር ግን ጥርሱ እስኪላጥ ድረስ አያስጨንቁት።

8ኛ) አዲሱን ዘይት በፓምፕ ወይም በንጹሕ ጎማ ቧንቧ ከመሙያው ቀዳዳ እስኪመለስ ድረስ ይሙሉ። ከዚያ ቡሎኑን ይዝጉ። ጥቂት ነድተው እንዳያፈስ ይመርምሩ።

የወጣውን አሮጌ ዘይት በመስኖ ቦይ፣ በወንዝ ዳር ወይም በማሳ ላይ አይድፉት፤ ውኃውንም አፈሩንም ይመርዛል። ለከብት ቁስልም አይቀቡት። በጀሪካን አጠራቅመው አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ይስጡ።

5. ጭቃና ውኃ

በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ የፎገራ ሰው የሚያውቀው አንድ አደጋ አለ። ካምቢዮና ዲፈረንሻል በጉዞ ይግላሉ። ግለው ሳለ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገቡ በውስጣቸው ያለው አየር በድንገት ይኮማተራል፤ ውኃውንም በመተንፈሻው ቀዳዳና ባረጀ ጎማ በኩል ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ ውኃ ከመሻገርዎ በፊት መኪናውን ጥቂት ጊዜ አቁመው ያብርዱት። የመተንፈሻዎቹ ቀዳዳዎች በጭቃ እንዳይደፈኑም በየጊዜው ያጽዱአቸው። ካምቢዮውን ያለፈ ጥልቅ ውኃ ከተሻገሩ ዘይቱን በማግስቱ ይመርምሩ፤ ወተት ከመሰለ ሳይውል ሳያድር ይለውጡት። በዲፈረንሻሉም እንዲሁ ያድርጉ።

መኪናው ጭቃ ላይ ሲያዝ ደግሞ ሞተሩን እያስጮኹ በፍሪሲዮን መታገል ከንቱ ነው። የተቃጠለ ነገር ከሸተተዎ ወዲያው ይተዉት። ጭነቱን አውርደው ጎማዎቹ ሥር ድንጋይና ቅርንጫፍ ያድርጉ። ከፍሪሲዮን ይልቅ አካፋ ይረክሳል።

6. ምልክቱና ምክንያቱ

ሞተሩ ይጮሃል፤ መኪናው ግን አይፈጥንም፤ በተለይም ዳገት ላይ። — ዲስኩ ሳስቷል ወይም ዘይት ነክቶታል። ለማረጋገጥ ከፊት ሰው በሌለበት ሜዳ የእጅ ፍሬን ይዘው፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብተው ፔዳሉን ቀስ ብለው ይልቀቁ። ሞተሩ ወዲያው ከጠፋ ፍሪሲዮኑ ይይዛል፤ ካልጠፋ ይንሸራተታል። ይህን ፈተና አንድ ጊዜ ብቻ ያድርጉ።

ሞተሩ ሲሠራ ማርሽ ሁሉ እምቢ ይላል፤ ሲጠፋ ግን በቀላሉ ይገባል። — ፍሪሲዮኑ በደንብ አይላቀቅም። ዘይቱን ይመልከቱ፤ በቧንቧው አየር ገብቶ ሊሆን ይችላል።

አንዱ ማርሽ ብቻ ሲገባ ይንጫጫል። — የዚያ ማርሽ የነሐስ ቀለበት ተበልቷል።

ፔዳሉ ሲረገጥ ይጮሃል፤ ሲለቀቅ ዝም ይላል። — የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው።

መኪናው ከማርሽ ነጻ ሆኖ ሲቆም ይጮሃል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ዝም ይላል። — የካምቢዮው ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። አስቀድመው ዘይቱን ይመርምሩ።

ማርሹ በራሱ ይወጣል። — የካምቢዮው መያዣ ላልቷል ወይም በውስጡ ያሉት ጥርሶች አርጅተዋል።

ሲነሣ «ቋ» ይላል፤ ሲፈጥን ይንቀጠቀጣል። — ክሮቼራውን ይመልከቱ።

7. ለመካኒክ ስለሚተው ሥራ

ማየት፣ መስማት፣ ዘይት መጨመርና መለወጥ፣ ግራሶ ማስገባት የእርስዎ ሥራ ነው። ካምቢዮውን ማውረድና መክፈት ግን የመካኒክ ሥራ ነው። ካምቢዮው ከባድ ስለ ሆነ ሲወርድ ሰው ይጎዳል፤ በውስጡ ያሉትም ነገሮች ያለ ልምድና ያለ ልክ መሣሪያ አይገጣጠሙም።

ለፍሪሲዮን ተብሎ ካምቢዮው ከወረደ ዲስኩን፣ የሚጫነውን ሳሕንና ኩሽኔታውን አብሮ መለወጥ ያዋጣል፤ ከወጪው ብዙው የማውረድና የመስቀል ድካም ነውና። የወጡትን አሮጌ ዕቃዎች መካኒኩ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ።

መኪናው ሲበላሽ የኋላ ጎማዎቹ መሬት ላይ እየዞሩ ሩቅ መንገድ አይጎተት። ሞተሩ ስለማይዞር ካምቢዮው ዘይት አይረጭም፤ በአንድ ጉዞ ሊቃጠል ይችላል። የኋላ ጎማዎቹ ይነሡ፤ ወይም ረጅሙ ዘንግ ይፈታ።

8. ለልማት ሠራተኛ

ይህን ትምህርት በቃል ብቻ አያስተምሩ። የአካባቢው ሰው መኪና ባለበት ሰብስበው፣ ዘይቱ ሲወጣ ነጩን ጨርቅና ማግኔቱን ከእጅ ወደ እጅ ያሳልፉ። ባየው ነገር የተማረ ሰው አይረሳም። መኪናው የማኅበር ከሆነ ምርመራውን የሚያደርገው ሰው በስሙ ይመረጥ፤ «የሁላችንም ነው» የተባለ መኪና ማንም የማያየው ይሆናልና። በመኪናው ውስጥም አንድ ደብተር ይቀመጥ። ቀኑ፣ የተጓዘው ኪሎ ሜትር፣ የተጨመረው ዘይትና የታየው ምልክት ይጻፍበት።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

ሀ) የካምቢዮ ዘይት መጉደሉን የሚያሳይ መብራት ከሌለ በምን ያውቁታል?
ለ) የመሙያው ቡሎን አስቀድሞ የሚፈታው ስለ ምን ነው?
ሐ) ከማርሽ አውጥቶ ቁልቁለት መውረድ የሚያመጣው ጉዳት ምንድን ነው?
መ) ወተት የመሰለ ዘይት ምን ይነግረናል?

እንግዲህ የፎገራዎቹ ገበሬዎች መዳፍ የምታህለውን የዘይት እርጥበት ባዩ ዕለት ካርቶን አንጥፈው፣ ጎማውን አስለውጠው፣ ዘይቱን ሞልተው ቢሆን ኖሮ ቲማቲማቸው ባሕር ዳር ገበያ ይደርስ ነበር። ውድ አንባቢ፣ ነገ ማለዳ ከብቶችዎን ካዩ በኋላ ጎንበስ ብለው የመኪናዎንም ሥር ይመልከቱ።